ዶሮ ለምታረቡ፦ አባይ ማዶ ስላለችው የእንስሳት ክሊኒክ

ለወላጅ ዶሮነት ቄብ የምታሳድጉ ባሕር ዳሮች ካላችሁ ይቺን ክሊኒክ እወቋት። ከውጭ ስትታይ ተራ መድኃኒት ቤት ናት። ጓዳዋ ውስጥ ግን ማይክሮስኮፕ አለ፣ ዋናው ነገር ደግሞ ገልጦ የሚያይበት ሰው አለ።

ክረምት ላይ ቄቦቼ ላባቸውን አንጨብርረው ጥግ ጥግ መያዝ ጀመሩ። ከሱ፣ ከዚያ ሞት ተከተለ። ሰፈሩ በሙሉ "ፈንግል ነው" አለ። ሌላ ቦታ ያለ መድኃኒት ሻጭ ዶሮም ኩስም ሳያይ ቴትራሳይክሊን ከነቫይታሚኑ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ወይ ፍንክች!

እዚህ የዶክተሯ የመጀመሪያ ጥያቄ "የሞተችውን ይዘዋታል?" ነበር። ኩስ ብቻ አይበቃትም፤ ኔካትሪክስ የሚባለው የኮክሲዲያ (አንጀት ውስጥ የሚራባ፣ በዓይን የማይታይ ተውሳክ) ዓይነት አንጀት የሚያበላሸው መሃል ላይ ሆኖ ሳለ እንቁላሉን የሚያፈራው ዕውር አንጀት (ጫፉ ድፍን የሆነው) ውስጥ ነው፣ ያውም ጥቂት፣ ስለዚህ መንጋው እያለቀ ኩሱ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል።

ከፈተቻት። መሃለኛው ቀጭን አንጀት ተነፋፍቶ፣ ገና ሳይሰነጠቅ በላዩ ነጫጭና ቀያይ ነጠብጣብ ይታያል፤ ውስጡ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ነው። በስለት ፋቅ አድርጋ መስታወት ላይ ቀባችውና "ይምጡ ይዩት" አለችኝ። ዘለላ ዘለላ የሠሩ ክብ ነገሮች፤ ተውሳኩ ራሱ ነው። ደሙ ዕውር አንጀት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቴኔላ የሚባለውን ሌላውን የኮክሲዲያ ዓይነት ትጠረጥር ነበር፤ እሱ ይበልጥ የሚበረታው ጫጩቶች ላይ ነው።

ያዘዘችው አምፕሮሊየም ነው፣ በውሃ የሚሰጥ። ቫይታሚኑን አስቆመችኝ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ተውሳኩን ቢ1 በማሳጣት ስለሆነ፣ ቢ1 ያለበትን ቫይታሚን አብሮ መስጠት ማርከስ ነው። በረኪናም የተውሳኩን እንቁላል አይገድለውም። ከውሃ መጠጫው ሥር የረጠበውን ሰጋቱራ እየዛቁ ደረቅ መተካት ይሻላል፣ ጣና ዳር በክረምት ደረቅ ሰጋቱራ ከተገኘ ማለቴ ነው። ሞቱ ቆሟል።

ቅር ያለኝ ወረፋው ነው። ላም ይዞ የመጣ ይቀድማል፣ ዶሮ የያዘ በር ላይ ይቆማል። ውጤቱንም ካልጠየቃችሁ በጽሑፍ አይሰጧችሁም።

ስትሄዱ በዚያው ጠዋት የሞተችውን ውሰዱ፣ ከተቻለ የታመመችም በሕይወት ያለች ጨምሩ። ያደረ አንጀት ምንም አያሳይም። ማቆየት ግድ ከሆነ ፍሪጅ እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቷት። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ፌስታሉን ደርቡት፣ ሾፌሮቹ ይነጫነጫሉ።