የማያቆም የሽንት ቤት ታንክ፦ ጎማውን መቀየር ወይስ የውሃ ማስገቢያውን?

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርገው፣ ውሃ ሳይለቁ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የሚያሾልከው የታችኛው ጎማ (ታንኩ ሥር ያለውን የውሃ መውጫ የሚዘጋው) ነው። ውሃው በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ የሚወርድ ከሆነ ግን ማስገቢያውን ይፈትሹ።

ጎማ፦ ርካሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ያለ መፍቻ ይወጣል። የሚያርፍበትን ጠርዝ በጣትዎ ይዳብሱ፤ ነጭ ቆሻሻ ከጋገረበት አዲሱም ያሾልካል። ሰንሰለቱ ትንሽ ይላላ፤ ከተወጠረ ጎማው አይገጥምም።

ማስገቢያ፦ ወደድ ይላል፣ ከታንኩ ሥር ያለውን ዳዶ ማስፈታት አለው። መልሰው ሲያስሩ ከልክ በላይ ካጠበቁት ሸክላው ይሰነጠቃል፤ ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርገው ውሃው ከትርፍ ቱቦው አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በታች እንዲቆም ያድርጉ። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል።

ማንም ሳይነካው እየቆየ ራሱን ለሚሞላ ታንክ ጎማው ይቀየር፤ ሲሞላ ለሚያፏጭ ማስገቢያው።