«ሙሉ ሲዝን ኤንቢኤ» የሚባለውን የ6 ወር ፓኬጅ አትግዙ፦ ቀኑን ቁጠሩት

ጥቅምት ሲገባ በአያት፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮየ ፈጬ፣ በጀሞና በለገጣፎ የዲሽና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በር ላይ፣ በየሰፈሩ የቴሌግራም ቻናልም ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ «ሙሉ ሲዝን ኤንቢኤ! 1,230 ጨዋታ! የ6 ወር አካውንት ከነቦክሱ!» ኤንቢኤ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ነው፤ አካውንቱ ቻናሎችን በኢንተርኔት የሚከፍት ኮድ ነው፣ ቦክሱ ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ መሣሪያ። ቅርጫት ኳስ የምትወዱ ወገኖች፣ ለልጆቻችሁ ብላችሁ የምትገዙ ወላጆችም፣ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

1,230 የሚለው ቁጥር ትክክል ነው። 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 82 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ አንዱ ጨዋታ ለሁለት ቡድን ስለሚቆጠር ድምሩ 1,230 ይመጣል። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። መደበኛው ሲዝን ጥቅምት 10 ገደማ ይጀምርና ሚያዝያ 4 አካባቢ ያልቃል። ቀጥሎ በምሥራቅና በምዕራብ ምድብ ከ7ኛ እስከ 10ኛ የወጡት ቡድኖች ጥቂት ቀን የፕሌይ-ኢን ማጣሪያ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ፕሌይኦፍ የሚባለው የጥሎ ማለፍ ዙር ይከፈታል፣ ዋንጫው ሰኔ አጋማሽ ላይ ይነሳል። ጥቅምት 10 የተከፈተ የ6 ወር አካውንት ሚያዝያ 10 ላይ ይዘጋል። ቆጥራችሁ እዩት፤ ፕሌይኦፉ ሲጀመር አካውንታችሁ ይሞታል። «ሙሉ ሲዝን» ተብሎ የተሸጠላችሁ ዋንጫው የሚወሰንበትን ሁለት ወር አልያዘም። ያኔ ለማደስ ስትደውሉ ሻጩ ዋጋ ቢጨምርባችሁ አማራጭ የላችሁም፤ ቦክሱ የሱ፣ ኮዱ የሱ፣ እናንተም ተመልካች ሆናችሁ ከርማችኋል።

የ12 ወሩ ይሻላል የሚል ካለ እሱም አያዋጣም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ በሐምሌ ከሚደረገው የወጣቶች የበጋ ሊግና ሲዝኑ ሊከፈት ሲል ከሚደረጉ የዝግጅት ጨዋታዎች በቀር የሚታይ ጨዋታ የለም። ክረምቱን ሙሉ ለባዶ ቻናል ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚመልሱት መልስ አለ፦ «ዋናው እኮ መደበኛው ሲዝን ነው፣ 1,230 ጨዋታ ታገኛለህ»። በሌላ ወገን ደግሞ «መደበኛው ሲዝን ዋጋ የለውም፣ ኮከቦቹ አይጫወቱም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው የያዙት፤ ገንዘባችሁን የት ላይ ማዋል እንዳለባችሁ የሚወስነው ይሄ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መደበኛው ሲዝን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦክላሆማ ሲቲ 68 አሸንፎ በ14 ብቻ ተሸንፎ ከሊጉ አንደኛ ወጣ። በዚህ የተነሳ ከኢንዲያና ጋር ያደረገው የፍጻሜ 7ኛና የመጨረሻ ጨዋታ በራሱ ሜዳ ሆነ፤ 103 ለ 91 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያ የሜዳ መብት የተገኘው በኅዳርና በጥር ሌሊቶች ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2023 ማያሚ 44 ብቻ አሸንፎ በ38 ተሸንፎ፣ በፕሌይ-ኢን በኩል 8ኛ ሆኖ ገብቶ፣ 58 ጨዋታ ያሸነፈውን ሚልዋኪን በመጀመሪያው ዙር ጥሎ እስከ ፍጻሜ ደረሰ። ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1995 ከምድቡ 6ኛ ደረጃ ተነስቶ ዋንጫ በልቷል። ጎልደን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2016 73 አሸንፎ በ9 ብቻ ተሸንፎ፣ ማንም ያልደረሰበትን ሪከርድ ይዞ፣ ፍጻሜውን በክሊቭላንድ ተነጠቀ። ስለዚህ ሲዝኑ ይጠቅማል፣ ግን ሁሉም ሌሊት እኩል አይጠቅምም። ፓኬጁ ደግሞ ሁሉንም ሌሊት በእኩል ዋጋ ነው የሚሸጥላችሁ።

የትኞቹ ሌሊቶች ናቸው ባዶ የሚሆኑት? አንደኛ፣ አንድ ቡድን በተከታታይ ሁለት ቀን የሚጫወትበት ሁለተኛው ሌሊት። በዓመት ለአንድ ቡድን ወደ 15 ጊዜ ያህል ይደርሰዋል፤ ዕድሜው የገፋ ወይም ከጉዳት የተመለሰ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን ያርፋል። ሊጉ ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. ከ2023-24 ጀምሮ ሁለት ነገር አድርጓል። አንድ ቡድን ያለ በቂ ምክንያት ከአንድ በላይ ኮከብ በአንድ ጨዋታ ማሳረፍ አይችልም፤ ቅጣቱ በመጀመሪያው 100,000 ዶላር፣ በሁለተኛው 250,000 ዶላር ነው፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጥፋት ላይ 1 ሚሊዮን እየተጨመረ ይሄዳል። ደግሞም እንደ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ላሉ ትልልቅ ሽልማቶች ለመታጨት ተጫዋቹ ቢያንስ 65 ጨዋታ መሰለፍ አለበት። ይህ ደንብ በእርግጥ ረድቷል። ግን ሌላውንም ጎኑን አስቡት፦ 17 ጨዋታ እስኪያመልጠው ድረስ ተጫዋቹ ለመሰለፍ ይታገላል፤ 18ኛው ካመለጠው በኋላ ሽልማቱ ስለቀረበት የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። የካቲት ላይ ይህን ቁጥር የሚከታተል ሰው የትኛው ኮከብ ሊያርፍ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው ባዶ ጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ምርጡ ሳምንት እሱ ይመስለዋል። ደረጃቸው የተቆረጠላቸው ቡድኖች ተቀያሪ ያሰልፋሉ። ከታች ያሉት ደግሞ መሸነፍ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም አዲስ ተጫዋች ቀድሞ የመምረጥ ዕጣ ከታች ለወጣ ቡድን ዕድሉን ያሰፋለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ደንብ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች አንደኛውን ምርጫ የማግኘት እኩል 14 በመቶ ዕድል ሰጥቷል። ዳላስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ገና ፕሌይ-ኢን የመግባት ተስፋ እያለው ከቺካጎ ጋር በነበረው ጨዋታ ዋና ተጫዋቾቹን አስቀምጦ ተሸነፈ፤ ሊጉም 750,000 ዶላር ቀጣው። ያን ሌሊት ለማየት የተነሳ ሰው ያየው በአብዛኛው ተቀያሪዎችን ነው። በዚያው ሳምንት ግን ከ6ኛ እስከ 10ኛ የሚተናነቁ ቡድኖች እርስ በርስ ከተገናኙ እንቅልፍ ማጣት ያዋጣል። ከመነሳታችሁ በፊት የደረጃ ሰንጠረዡን ማየት ነው።

ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። ቡድኖች የጉዳት ዝርዝራቸውን ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን በአካባቢያቸው ሰዓት እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ማስገባት ግዴታቸው ነው፤ በተከታታይ ቀን የሚጫወቱት ብቻ በጨዋታው ዕለት ያስገባሉ። እኛ ጋ ይህ ማለት ለሐሙስ አጥቢያ ሌሊት ለሚደረግ ጨዋታ ዝርዝሩን ረቡዕ ቀን ላይ በስልክ ማየት ይቻላል። የምትጠብቁት ኮከብ አይሰለፍም ተብሎ ስሙ ከወጣ፣ ተኙ።

ሰዓቱንም እንቁጠረው። በምሥራቅ አሜሪካ በምሽት 1 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ በክረምታቸው እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከመጋቢት መጀመሪያ በኋላ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ወደ 8 ሰዓት ተኩል ይመጣል። የምዕራቡ ጨዋታ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከኮየ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መሀል ከተማ ሥራ የሚገባ ሰው ያን ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በሰው ሰዓት የሚገኙት ጥቂት ናቸው፦ አንዳንድ የእሁድ ጨዋታዎች ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ ታህሳስ 16 ገደማ የፈረንጆች ገና ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ ጥር ላይ ደግሞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰኞ። በሲዝኑ መሀል የሚደረገው ውድድር፣ የኤንቢኤ ካፕ፣ የኅዳር የምድብ ጨዋታዎቹ በብዛት ዓርብ ሌሊት ስለሚውሉ እኛ ጋ ቅዳሜ ንጋት ናቸው፤ ከፍጻሜው በቀር ሁሉም ለመደበኛው ሲዝን ይቆጠራሉ፣ ተጫዋቾቹም ከልባቸው ነው የሚጫወቷቸው።

ዳታውን ደግሞ ሻጩ በጭራሽ አይነግራችሁም። ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከወሰደ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል፤ አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሳምንት 3 ጨዋታ፣ ለ25 ሳምንት ብትሉ 75 ጨዋታ፣ ወደ 394 ጊጋባይት ገደማ። መስመር ያልተዘረጋላቸው አዳዲስ ሳይቶች ላይ በሲም ራውተር የምትጠቀሙ ሰዎች ከአካውንቱ ይልቅ ዳታው ነው ኪሳችሁን የሚያራቁተው። የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነ የሚያበቃበትን ሰዓት እዩ፤ የምዕራቡ ጨዋታ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሄዳል።

አሁን ወደ አካውንቱ። እነዚህ ኮዶች አብዛኞቹ ፈቃድ ከሌላቸው ሰርቨሮች የሚመጡ ናቸው፤ ሰፈራችሁ ያለው ሻጭ ከሌላ ሻጭ ክሬዲት (አካውንት መክፈቻ ሂሳብ) እየገዛ የሚቸረችር ነው። አንድ ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ይከፍታል። 12 ወር ከፍላችሁ እሱ ግን የአንድ ወሩን ብቻ ከፍቶ በየወሩ ሊያድስ ይችላል፤ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ወይም ቻናሉን ካጠፋ የቀረው ገንዘባችሁ አብሮት ይሄዳል። ማረጋገጫው በእጃችሁ ነው። ስማርተርስ በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ የአካውንት መረጃ የሚለውን ክፈቱ፤ የሚያበቃበት ቀን፣ ሙከራ ነው ወይስ አይደለም፣ አሁን ስንት መሣሪያ ገብቷል፣ ቢበዛስ ስንት ይፈቅዳል የሚሉ መስመሮች ታያላችሁ። 6 ወር ከፍላችሁ የሚያበቃበት ቀን ከ30 ቀን በኋላ ከሆነ የተሸጠላችሁ ቃል ብቻ ነው። ቢበዛ 1 መሣሪያ ይፈቅዳል እያለ ቴሌቪዥናችሁ ጠፍቶ ሳለ በስልክ ስታዩት «1 ገብቷል» ካለ፣ ያንኑ ኮድ ለሌላ ሰው ሸጦት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ያ ሰው በገባ ቁጥር እናንተ ትወጣላችሁ።

የ24 ሰዓት ሙከራ ሲሰጧችሁ ቅዳሜ ምሽት በፕሪሚየር ሊግ አትሞክሩት። የእግር ኳሱ ቻናል ሁልጊዜ የሚሠራ ነው። የኤንቢኤ ቻናሎቹ ግን ጨዋታ እስኪጀመር ባዶ ናቸው፤ ቀን ላይ ከፍታችሁ ጥቁር ብታዩ «ሌሊት ይከፈታል» ይላችኋል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ሙከራውን ጨዋታ ባለበት ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ ተዉት። ምስሉ እየቆመ ከሄደ «ኔትወርካችሁ ነው» ይላል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብን በ1080 ክፈቱ፤ ዩቲዩብ ሳይቆም ከሄደና ቻናሉ ከቆመ ጥፋቱ በአብዛኛው የሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ በባሰ ሁኔታ የሚጨናነቀው ሰው ሁሉ በሚገባበት በፕሌይኦፉ ወቅት ነው።

ቦክሱ ላይ የተጻፈውን 8 ጊጋ ራምና 128 ጊጋ አትመኑ፤ በርካሾቹ ላይ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ራሱ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ መሣሪያው በጎግል የተረጋገጠ መሆኑን እዩ። ካልተረጋገጠ የባንክ ወይም የቴሌብር መተግበሪያ በላዩ ላይ በጭራሽ አትጫኑ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ከፋብሪካ ሲወጡ ቫይረስ ስለተጫነባቸው እንዲህ ዓይነት ቦክሶች አስጠንቅቋል።

መግዛት ከፈለጋችሁ የሚያዋጣው ይሄ ነው። በኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ሊግ ፓስ የሚባለውን የሊጉን የራሱን የኢንተርኔት አገልግሎት ግዙ፤ ያለቀውን ጨዋታ ጠዋት ወይም ማታ ደግማችሁ ታያላችሁ፣ ሌሊት መነሳትም አይጠበቅባችሁም። የእያንዳንዱ ጨዋታ አጭር ቅጂ በሊጉ የዩቲዩብ ቻናል በነፃ ይገኛል፣ ለኅዳርና ለጥር ተራ ጨዋታዎች እሱ ይበቃል። ከሰፈር ሻጭ የምትገዙ ከሆነ በወር በወር ብቻ ክፈሉ። አንዱን ወር ኅዳር 30 ላይ ክፈቱ፤ የካፑን ማጠናቀቂያና የፈረንጆችን ገና ይይዛል። ከዚያ እስከ መጋቢት 20 ዝም በሉ። መጋቢት 20 ላይ የተከፈተ የ3 ወር አካውንት ሰኔ 20 ያበቃል፤ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ትንቅንቅ፣ ፕሌይ-ኢኑን፣ ፕሌይኦፉን፣ እስከ ፍጻሜው 7ኛ ጨዋታ ድረስ ይሸፍናል። እነዚህን ሦስት ወራትም ቢሆን በየወሩ ከፍላችሁ አድሱ። ሚያዝያ 10 ላይ የ2 ወር የምትከፍቱ ከሆነ ግን ሰኔ 10 ያበቃባችኋል፤ የ2025ቱ 7ኛ ጨዋታ እኛ ጋ ሰኔ 16 ንጋት ላይ ነበር የተደረገው።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የአካውንት መረጃውን ከፍታችሁ የሚያበቃበትን ቀን ፎቶ አንሱ። የተከፈተው ከከፈላችሁት ወር ካነሰ ወደ ሱቁ ሂዱና ያልተከፈቱት ወራት ከመጋቢት 20 ጀምሮ እንዲከፈቱላችሁ ጠይቁ፤ ክሬዲቱ ገና በእጁ ስላለ ይህን ማድረግ አያቅተውም። ስምምነቱን በቴሌግራም በጽሑፍ፣ ቀኑን ጠቅሶ ይላክላችሁ፣ የቴሌብር ማስተላለፊያ መልእክታችሁንም አታጥፉ።