የመሐል አዲስ አበባ ክትፎ ቤት በስኳር ሕመምተኛ ዓይን

ስኳር ያለበት ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ ሲወጣ ምርጫው ጠባብ ነው። በየመንገዱ የሚቀርበው ፓስታ፣ ሩዝ፣ ፍርፍር፣ ሽሮ በእንጀራ ነው። ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ክብደቱንም ስኳሩንም ለማውረድ ለሚጥር ሰው ከዚህ ሁሉ መሐል በጣም የሚያመቸው ክትፎ ቤት ነው። ግን አስተናጋጁ እንደለመደው ያቀረበውን ማዕድ እንዳለ ከበላችሁት ከሌላው ምሳ የተሻለ አይሆንም። ልዩነቱ ያለው አስተዛዘዙ ላይ ነው።

ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ስለተለዋወጡ፣ እዚህ የሚገመገመው የአንድ ቤት ስም ሳይሆን ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ቦሌ መንገድ በየክትፎ ቤቱ የሚቀርበው የተለመደ ማዕድ ነው። አሠራሩ ከቤት ቤት ያን ያህል አይራራቅም።

«ስፔሻል» ስታዙ ክትፎው በጣባ ይመጣል። ከጎኑ አይብና ጎመን ይሆናል፤ ቆጮው ተቆራርጦ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ ይከተላል። ከእነዚህ ውስጥ ሥጋው፣ አይቡና ጎመኑ ለስኳር ሕመምተኛ የተባሉ ይመስላሉ። ቀይ ሥጋ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ 200 ግራም ጮማ የሌለው ሥጋ 44 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ትንሽ ነው፤ በ100 ግራም 3 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ብቻ ይይዛል፣ ሆድም ይይዛል። ጎመኑ ደግሞ አሰር (ፋይበር) የበዛበት ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ሪፖርት፣ የደም ስኳርን ለማሻሻል ከሁሉ በላይ ማስረጃ የተገኘለት ካርቦሃይድሬትን መቀነስ መሆኑን አስፍሯል። እነዚህ ሦስቱ ያንን ያሟላሉ።

ችግሩ ቅቤው ላይ ነው፤ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው፣ ሽታው ከበር የሚቀበለው ቅቤ። ቅቤ ስኳር አይጨምርም፤ እውነት ነው። ብዙ ሰው «ኪቶ ላይ ነኝ» (ካርቦሃይድሬት እጅግ ቀንሶ ስብ የማብዛት አመጋገብ ነው) ብሎ እንደልቡ የሚያስጨምረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በአንድ ክትፎ ላይ 4 ማንኪያ ቢፈስስ 480 ካሎሪ ይሆናል፤ 200 ግራም ጮማ የሌለው ሥጋ ግን ራሱ 300 አይሞላም። ማለትም ጣባው ላይ ያለው ምግብ በካሎሪ ሲታይ ከሥጋ ይልቅ ቅቤ ነው። የስኳር መለኪያ ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ጥሩ ሆኖ ሚዛኑ ለወራት አልንቀሳቀስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጎመን ክትፎውም በቅቤ ተለውሶ ስለሚመጣ ከዚያው ሒሳብ ይገባል።

ቅቤው ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ማየት ይቻላል። ክትፎው እንደቀረበ ሥጋውን በማንኪያ ወደ ጣባው አንድ ጠርዝ ሰብስቡትና ጣባውን ትንሽ አዘንብሉት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቢጫው ቅቤ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል። አንድ ሁለት ማንኪያ ከሆነ ደህና ነው። ሥጋውን ሊያጥለቀልቀው ከደረሰ እየቀዳችሁ በትርፍ ሳህን ላይ አውጡት። ቆይታችሁ ከሆነ ደግሞ በጣባው ዙሪያ መርጋት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሥጋውን ይዞ ስለሚረጋ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ትኩስ እያለ ነው የሚሠራው። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው «ቅቤው ለብቻ ይምጣልኝ» ማለት ነው። ጥሩ ክትፎ ቤት ይህን ያለ ማጉረምረም ያደርጋል። በትንሽ ሲኒ አምጥቶ ከጎን ያስቀምጣል፤ አንድ ማንኪያ ወስዳችሁ ሚጥሚጣውን ጨምራችሁ ትለውሳላችሁ። «ቀነስ አድርጊልኝ» ብቻ ካላችሁ ግን የወጥ ቤቱ «ቀነስ» እና የእናንተ «ቀነስ» አይገናኝም።

ቆጮን በተመለከተ የተሳሳተ ወሬ አለ። እንሰት ስለሆነ፣ ስለሚቦካ፣ «ቀላል ነው፣ ስኳር አያመጣም» ይባላል። ቆጮ ግን ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ አይባልም። 100 ግራም ቆጮ 40 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ 100 ግራም እንጀራ ደግሞ 30 ግራም ገደማ። ቆጮ ውሃው ስለሚያንስ በክብደት ሲታይ ከእንጀራ ይበልጣል። ሙሉ እንጀራ ከ300 እስከ 400 ግራም ስለሚመዝን ከ90 እስከ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል። በቀን 130 ግራም ካርቦሃይድሬት ዝቅተኛ ለሚባለው አመጋገብ ጣሪያ ሆኖ ይወሰዳልና አንድ እንጀራ የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። ጤፍ መሆኑም ከዚህ አያድነውም። ነጭ መሆኑም ንጹሕ ማኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ከተማው ውስጥ ሩዝ እየተቀላቀለ የሚጋገር እንጀራ አለ።

ስለዚህ ሲያዙ ቆጮውና እንጀራው እንዳይመጣ መናገር ያስፈልጋል። ከመጣ በኋላ አልበላም ማለት ከባድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር በወሬ መሐል ያልቃል። በምትኩ ጎመን ወይም የሰላጣ ቅጠል አስጨምሩና በቅጠሉ እየጠቀለላችሁ ወይም በማንኪያ ብሉ። ያለ እንጀራ አልችልም የሚል ሰው ሩብ እንጀራ ያስቀርብ፤ 25 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው፣ ሊቆጠር ይችላል። መጀመሪያ ጎመኑንና ሥጋውን፣ መጨረሻ ላይ እንጀራውን መብላት የስኳሩን አወጣጥ ያለዝበዋል።

ከክትፎ በኋላ ስኳር መለካት የራሱ ጉዳይ አለው። የተለመደው መመሪያ የመጀመሪያው ጉርሻ ከተጎረሰ 2 ሰዓት በኋላ መለካትና ከ180 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች መሆኑን ማየት ነው። ቅቤ የበዛበት ምግብ ግን ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ከቅቤው ጋር ቆጮ ከበላችሁ ስኳሩ ከ2 ሰዓት በኋላ 140 ሆኖ ሊያስደስት፣ ከ4 ወይም 5 ሰዓት በኋላ ግን ከ200 በላይ ሊወጣ ይችላል። «ቆጮ ስኳር አያመጣም» የሚለው ወሬ አንዱ ምንጭ ይህ የዘገየ አወጣጥ ሳይሆን አይቀርም። 7 ሰዓት ላይ ክትፎ በቆጮ የበላ ሰው 9 ሰዓት ላይ ብቻ ሳይሆን 11 ሰዓት ላይም ይለካ። ከመለካታችሁ በፊት እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ጣት ደሙን አቅጥኖ ቁጥሩን ያሳንሳል፣ የፍራፍሬ ወይም የማር ቅሪት ያለበት ጣት ደግሞ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ቆጮውን ቢተው ስኳሩ ከመጠን በታች የመውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ግን መጠኑ ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬት በድንገት ማቋረጥ የለበትም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቅልቅል ኢንሱሊን የተወጋ ሰው፣ የቅልቅሉ ዘግይቶ የሚሠራው ክፍል የሚበረታው ልክ ምሳ ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። መድኃኒቱ እንጀራ ሲጠብቅ ሥጋና ጎመን ብቻ ከመጣለት ስኳሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ክትትል ሐኪም፣ ጥቁር አንበሳም ይሁን ዘውዲቱ ወይም የግል ክሊኒክ፣ የአንድ ሳምንት ልኬት ይዞ ሄዶ መጠኑን ማስቀነስ፤ ክትፎ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ላብ ካላበ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብ በኃይል ከመታ፣ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ መደበኛ ኮካ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት። ያቀረቡላችሁን ክትፎ ቶሎ ቶሎ መብላት አያድንም፤ ስኳር የለውም፣ ቅቤውም የሚወሰደውን ስኳር ያዘገያል። ዜሮ ኮካም ለዚህ አይሆንም። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ካርቦሃይድሬትን እጅግ ሲቀንሱ ኪቶአሲዶሲስ የሚባል፣ ደም ውስጥ አሲድ የሚጠራቀምበት አደገኛ ሁኔታ ሊገጥማቸው ይችላል፤ ስኳሩ ያን ያህል ሳይወጣም ይከሰታል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ መፍጠን ከታየ «ክትፎው ነው የከበደኝ» ሳይሉ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ኩላሊቱ የተነካ ሰውም የሥጋውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጨምር።

ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ? ለስኳሩ ልዩነት የለውም። ለኮሶ ትልና ለሆድ ኢንፌክሽን ግን አለው። ስኳር ያለበት ሰው ለኢንፌክሽን ይበልጥ ተጋላጭ ነው፤ ማስመለስና ተቅማጥ ከመጣ ደግሞ ስኳሩንም መድኃኒቱንም ያዛባል። ለብ ለብ ውስጡ ጥሬ ነው፣ ሙቀቱ ትሉን አይገድለውም። የእኛ ምክር የበሰለ ነው፣ ለጥሬ ወዳጆች ቅር ቢልም።

መጠጡ አጭር ነው፦ አምቦ ውሃ። አንድ ጠርሙስ ኮካ 30 ግራም ከፍ ያለ ስኳር አለው፣ ቢራ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት፣ ጠጅና ብርዝ ማር ናቸው። አልኮል ከኢንሱሊን ወይም ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ስኳር ያወርዳል። ከምግብ በኋላ የሚመጣው ሻይ አንዳንድ ቤት ስኳሩ ገብቶ ነው የሚቀርበው፤ ቀድሞ «ያለ ስኳር» ማለት ይሻላል።

ክትፎ የማይወድ አብሮ በላ ቢኖር፣ ጥብስ ዘይቱ ከተቀነሰ ያው ነው፣ ዱለትም ይሆናል። ቋንጣ ፍርፍር እንጀራው ውስጡ ስለሆነ ከዚህ ዝርዝር ይወጣል። ዶሮ ወጥ ላይ ሰው የማያስበው ሽንኩርቱን ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ከገባና 12 ሰው ከተካፈለው፣ ገና እንጀራው ሳይነካ ለእያንዳንዱ 15 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይደርሳል።

ረቡዕ፣ ዓርብና በጾም ወራት ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የክትፎ ቤቱ ትልቁ ጉድለትም ይህ ነው። በያይነቱ ከታዘዘ ጎመንና ፎሶልያ ይብዛ፣ ድንቹ ይውጣ፣ ምስሩና ሽሮው አንድ አንድ ማንኪያ ይሁን። ዓሣ የሚበላ ሰው የዓሣ ጥብስ በሰላጣ ቢያዝ ከክትፎው የማይተናነስ ምሳ ያገኛል፤ ዱቄት ተነስንሶበት የሚጠበስ መሆን አለመሆኑን ግን ይጠይቅ።

አንድን ክትፎ ቤት ደግሞ ለመሄድ ወይም ላለመሄድ የሚያስወስነው መስተንግዶው ነው። «እህቴ፣ ክትፎ የበሰለ፣ ቅቤው ለብቻ፣ ቆጮና እንጀራ ይቅር፣ አይብና ጎመን ጨምሪልኝ» ስትሉ አስተናጋጇ ደግማ አረጋግጣ ከሄደችና እንዳላችሁት ካመጣች ቤቱን ያዙት። ቅቤው ፈስሶበት ከመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና መልሱት። ሁለተኛም እንደዚያው ከሆነ፣ ወጥ ቤቱ ቅቤውን ቀድሞ ከሥጋው ጋር አሽቶ የሚያስቀምጥ ነውና እዚያ ማስቀነስ አይቻልም፤ ጥብስ እዘዙ ወይም ሌላ ቤት ሂዱ።