ባይኖራል ለመቅዳት የቱን ልግዛ? ከ30 ዶላር እስከ 500

«ማኅሌቱ መሐል የቆምኩ ያህል እንዲሰማ መቅዳት እፈልጋለሁ፤ የቱን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ አያቋርጥም። መልሱ የሚጀምረው ከአድማጩ ነው። በስልክና በኢርፎን ለሚሰማ ሰው 5.1 ሰራውንድ መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በወጉ የሚሰማው በስድስት ስፒከር ነዋ! ለባይኖራል፣ ማለትም ሁለት ጆሮ እንደሚሰማው አድርጎ ለመቅዳት፣ ሁለት ማይክ ይበቃል።

ዙም ኤች3-ቪአር የተባለው ሪከርደር በ2018 ሲወጣ 350 ዶላር ነበር። አራት ካፕሱሎቹ (ድምፁን የሚይዙት ትንንሽ የማይክ ክፍሎች) ዙሪያውን ይቀዳሉ፤ በኋላ ወደ ሰራውንድም ወደ ባይኖራልም ይቀየራል። ለ360 ዲግሪ ቪዲዮ እሱን ግዙ። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ግን እውነተኛ ጆሮ ላይ የተቀዳውን አያህልም።

የሲሊኮን ጆሮ ያለው ማይክ፣ 3ዲዮ ፍሪ ስፔስ፣ 500 ዶላር ይጠጋል። ተራው ሞዴል ውስጥ ያለው ፕሪሞ ኢኤም172 ካፕሱል ነው፤ ተተኪው ኢኤም272 ደግሞ ጥንዱ 30 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ጭንቅላት ስለሌለም ድምፁን የሚጋርደው ነገር ያንሳል። እሱን አስመስሎ ከተሠራው ደግሞ ጨርሶ ራቁ፦ ጆሮው ያምራል፣ ካፕሱሉ ግን ርካሽ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ ቅዱበት። ሿ የሚል ድምፅ ከጎላ ወይም አንዱ ወገን ከሌላው ከደከመ ተዉት።

የኔ ምርጫ ጥንዱን ኢኤም272 ገዝቶ በራስ ጆሮ ላይ ማንጠልጠል ነው። የራሱ ጫጫታ 14 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ የበገና ድምፅ እንኳ ጥርት ብሎ ይቀዳል። አሠራሩ፦ ከካፕሱሉ ቆርቆሮ ጋር የተገናኘው ነጥብ ኔጌቲቭ ነው፤ የኬብሉ ሺልድ (ሽቦውን የሚሸፍነው መረብ) እዚያ ይበየዳል። በ3.5 ሚሊሜትር ጃኩ ላይ ጫፉ ግራ፣ ቀለበቱ ቀኝ፣ ግንዱ የጋራ ሺልድ ነው። የመበየጃው ብረት በአንድ ነጥብ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆይ፤ ውስጡ ያለችው ትራንዚስተር ትቃጠላለች። ኬብሉ ቢበጠስ ቆርጦ መልሶ መበየድ ነው፤ 100 ዶላር ገደማ የሚያወጣው፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ማይክ ሮላንድ ሲኤስ-10ኢኤም ግን ቀጭን ሽቦው ከተበጠሰ ጥገናው አድካሚ ነው።

ስልክ ላይ አትሰኩት፤ የስልክ ጃክ የሚቀበለው አንድ ማይክ ብቻ ነው። ለማይኩ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ፕለግ-ኢን ፓወር ያለው ሪከርደር ያስፈልጋል፤ ዙም ኤች1ኤን ይበቃል። ስልኩንም አርቁት፣ ቅጂው ውስጥ ይነዝራል።

ኢኤም272 ድምፅ የመቀበል ስሜቱ ከፍተኛ ስለሆነ ከበሮ ሲመታ የሪከርደሩን መግቢያ ያጨናንቃል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሌቭሉን መቀነስ ሁልጊዜ አያድነውም፣ ከከበሮው ራቅ ብሎ መቆም ይሻላል። በሪከርደሩ መለኪያ ከፍተኛው ድምፅ -12 ዴሲቤል ላይ ይሁን። እዚህ ላይ ብቻ ሮላንዱ ይበልጣል፤ ስሜቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከበሮውን ይችላል፣ በለስላሳ ዜማ ግን ሿታው ይወጣል።

ለጥምቀት ሜዳ ስፖንጅ አይበቃም፣ ጸጉራም የማይክ ንፋስ መከላከያ ግዙ። ሲቀዱ ምራቅ መዋጥም ይሰማል። ጭንቅላታችሁን አታዙሩ፤ ካዞራችሁ በአድማጩ ጆሮ መዘምራኑ ሁሉ አብረው ይዞራሉ።