የታሪክ ጸሐፊነት ወይስ የድምፅ ባለሙያነት፦ ኮድ ሳይጽፉ በቪዲዮ ጌም ሥራ

ኮድ መጻፍ ሳይችል በቪዲዮ ጌም ሥራ መሰማራት ለሚፈልግ ሰው ክፍት ከሆኑት መንገዶች መካከል የታሪክ ጸሐፊነትና የድምፅ ባለሙያነት ይገኙበታል፤ የሚጠይቁት ትዕግሥት ግን እጅግ የተለያየ ነው።

የጌም ጸሐፊ እንደ ልብ ወለድ ደራሲ አንድ መስመር ብቻ ተከትሎ አይሄድም፤ ተጫዋቹ ዘበኛውን ቢለምነው፣ ቢያስፈራራው ወይም ጉቦ ቢሰጠው ምን እንደሚከተል ለእያንዳንዱ ምርጫ ለየብቻ መጻፍ አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲስኮ ኤሊሲየም የተባለው ጌም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃላት የያዘውም እንዲህ ያለው ምርጫ ስለበዛበት ነው። መለማመጃው ግን ወጪ የለውም፤ ትዋይን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ባለብዙ ቅርንጫፍ ታሪክ ያለ ኮድ ለመሥራት ያስችላል።

የድምፅ ባለሙያው በበኩሉ በጠጠር ላይ የሚራመድን ሰው ኮቴ ደጋግሞ፣ በተለያየ አረጋገጥ ይቀዳል፤ አንዱ ቅጂ ብቻ ቢመላለስ ጆሮ ወዲያው ይሰለቻልና። ሙዚቃውንም ጠላት ሲቀርብ ከበሮው እንዲገባ፣ ሲርቅ እንዲወጣ አድርጎ በንብርብር ያዘጋጃል። ኤፍሞድን የመሰሉ የጌም ድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ይህን ያቃልላሉ፤ ደህና ማይክሮፎንና ጸጥ ያለ ክፍል ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ያም ሆኖ፣ በአማርኛ አፉን ለፈታ ጀማሪ እኔ የድምፁን መንገድ አስቀድማለሁ። በዓለም አቀፉ ገበያ የጽሑፍ ሥራ በአብዛኛው የላቀ እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ዜማ ግን ያለ አስተርጓሚ ከየትኛውም ተጫዋች ጆሮ ይደርሳል።