ከመግዛቴ በፊት መኪናውን ላዩልኝ ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ዛሬ የማመሰግነው አንድ መካኒክ አለ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የፈለጋቸው ሰው በውስጥ ይጠይቀኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ሥራቸው መጠገን ብቻ አይደለም። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው፣ ገንዘቡ ከእጁ ሳይወጣ መኪናውን አበጥረው ያዩለታል። ክፍያ የሚቀበሉት ከገዢ ብቻ ነው። ከሻጭም ከደላላም አምስት ሳንቲም አይነኩም። እዚህ ላይ ድርቅ ያሉ ናቸው።

የ2001 ሞዴል ስፖርት ሴዳን ነበረኝ። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) መሪው ቀልጣፋ ነው፣ ኩርባ ላይ ንቅንቅ አይልም፣ ሞተሩም ሲረግጡት ይታዘዛል። ወድጄው ነው የነዳሁት። ልጆች ከመጡ በኋላ ግን ሐሳቤ ሌላ ሆነ። መኪናው ያለው ሁለት የፊት ኤርባግና ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሲስተም) ነው። ከጎን ለሚመጣ ግጭት ከበሩ ላሜራ ውጪ የሚከላከል ነገር የለውም። ልጆቹ ደግሞ የሚቀመጡት በሩ ሥር ነው።

«ታዲያ ለምን ከፍ ያለ ትልቅ መኪና አትገዢም?» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን ሴዳን ወዳድ ነኝ፣ አልደብቅም። ምክንያትም አለኝ። ዝቅ ያለ መኪና ክብደቱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ በቀላሉ አይገለበጥም። ስፖርት ሴዳን ሲሆን ደግሞ ፍሬኑም ሰፋ ያለ ነው፣ ጎማውም መንገድ ይይዛል። ጋሼ ይህን ሐሳቤን ሲሰሙ አልተቃወሙም። «ሴዳን ይሁንልሽ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ቀለም ከመምረጥሽ በፊት ዓመት ምረጪ።»

ዓመት ሲሉ የተመረተበትን ብቻ አይደለም። ሞዴሉ መጀመሪያ የተነደፈበትንም ነው። አንድ ሞዴል ተነድፎ ስድስት ሰባት ዓመት ሊሸጥ ይችላል። በመጨረሻው ዓመት የወጣው መኪና «አዲስ» ይባላል፣ አጽሙ ግን የድሮው ነው። ለምን እንደሚያስጨንቃቸው ሲያስረዱኝ የ2012ን ነገር አነሱ። በዚያ ዓመት የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም አዲስ ፈተና ጀመረ። መኪናው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ከፊቱ ስፋት ሩቡ ብቻ ጠንካራ ግድግዳ ይመታል። ዛፍ ወይም ምሰሶ በመብራቱ በኩል እንደመግጨት ማለት ነው። 11 መካከለኛ የቅንጦት ሴዳኖች ተፈተኑ። «ጥሩ» የሚለውን ያገኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ አኩራ ቲኤል እና ቮልቮ ኤስ60። የጊዜው መርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ኦዲ ኤ4 እና ሌክሰስ አይኤስ «ደካማ» ተባሉ። ቢኤምደብሊው 3 ሲሪየስ ከደካማው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አለ። ስማቸው የገነነ መኪኖች ናቸው እኮ! ከዚያ በኋላ አምራቾቹ የፊቱን አጽም ማጠናከር ጀመሩ። ጋሼ «ከዚያ ፈተና ወዲህ የተነደፈውን ፈልጊ» ያሉኝ ለዚህ ነው።

ሌላው መንሸራተት የሚከላከለው ኤሌክትሮኒክ ሲስተም ነው። ቦሽና መርሴዲስ በ1995 ገበያ ላይ አወጡት። መኪናው ኩርባ ላይ መስመሩን ሲስት ኮምፒውተሩ አንዱን ጎማ ነጥሎ ፍሬን ይይዛል፣ አፍንጫውንም ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። ጉልበት ያለው የኋላ ጎማ ነጂ ሴዳን ለሚነዳ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

እስከዚህ ያለውን እኔም አንብቤ ልደርስበት እችል ነበር። ለጋሼ የከፈልኩት ግን ከዚህ በኋላ ላለው ነው። በግጭት ፈተና የሚገኘው የደህንነት ኮከብ የሚሰጠው ለሞዴሉ ነው፣ ለዚያውም ከፋብሪካ እንደወጣ። እኔ የምገዛው ግን አንድ የተለየ መኪና ነው፣ የኖረ፣ የተጋጨ፣ የተነካካ ሊሆን የሚችል። ኮከቡ አሁንም እዚያ መኪና ውስጥ አለ ወይ? ይህን የሚያይ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ያየነው መኪና ከሩቅ ያብለጨልጫል። የውስጥ ቆዳው ንጹህ፣ ሞተሩ ጸጥ ያለ፣ ሻጩም ተጫዋች። ጋሼ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ ቀጥ ብለው ወደ ሹፌሩ ወንበር ሄዱ። ቀበቶውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሳቡት። ከታች በኩል የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች፣ ቀበቶው የተመረተበት ቀን ተጽፎባታል። ባትሪያቸውን አብርተው አነበቡና ወደ ኋላ ወንበር ዞሩ። የኋላዎቹ ቀበቶዎች ከመኪናው ጋር እኩል እድሜ አላቸው። የሹፌሩ ግን በሦስት ዓመት ያንሳል። «ይሄ ለምን ተቀየረ?» አሉ። ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ።

ቀጥሎ ቁልፉን አዞሩ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች በሙሉ በሩ፣ ከኤርባጉ በቀር። ሻጩ «አይበራም፣ ችግር ስለሌለው ነው» አለ። ጋሼ ፈገግ አሉ። ጤነኛ ኤርባግ ያለው መኪና ቁልፍ ሲዞር መብራቱን ያበራል፣ ራሱን ይፈትሻል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያጠፋል። ከነጭራሹ የማይበራ ከሆነ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይ አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ኮምፒውተራቸውን ሲሰኩ የሹፌሩ ኤርባግና የቀበቶው መወጠሪያ (በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው) ሁለቱም ብልሽት ይላሉ። መኪናው ክፉኛ ተጋጭቷል፣ ቀበቶው ተቀይሯል፣ ኤርባጉ በቦታው አልተመለሰም፣ መብራቱም እንዳይናገር ተደርጓል። የመሪው ክዳን ግን አዲስና የሚያምር ነበር። ይህን ነው ልጆቼን አሳፍሬ ልነዳው የነበረው። አመስግነን ወጣን።

የገዛሁትን መኪና ሲያዩት ደግሞ እንከን አላወጡም ማለት አይደለም። የቀለም ውፍረት መለኪያቸውን በየላሜራው ላይ ያስጠጋሉ። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። አንዱ የኋላ በር እጥፍ አወጣ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ተረጋግተው «ተጭሮ ተቀብቷል፣ ስቱኮ የለበትም» አሉ። ስቱኮ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን ነው። ስቱኮ ቢኖር ቁጥሩ ብዙ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይሄዳል። ክሪክ ላይ አውጥተው የአጽሙን ብየዳዎች አንድ በአንድ አዩ። ንጹህ ነበር።

የፊት መስታወቱ ግን ተቀይሯል። እንዴት አወቁ? ጥጉ ላይ የታተመው የአምራች ምልክት ከሌሎቹ መስታወቶች ይለያል። እኔ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ አዲስ መስታወት እንዲያውም ጥሩ ነው» ልል ነበር። ጋሼ ጣታቸውን ስፖኪዮው ጀርባ ወዳለችው ካሜራ ጠቆሙ። ድንገት ከፊት መኪና ሲቆም በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሲስተም የሚያየው በእሷ ነው። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራዋ እንደገና መስተካከል አለባት። በአንድ ዲግሪ ብቻ ብትዛነፍ፣ 50 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ትስታለች። ሻጩ ተስተካክላለች የሚል ወረቀት አልነበረውም፣ ግን ቅን ሰው ነው። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት በራሱ ወጪ አስተካክሎ ወረቀቱን አመጣ።

ጎማዎቹም ላይ ተከራክረናል። ጥርሳቸው ገና ነው። ጋሼ ግን ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አስነበቡኝ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው። 3114 ካለ በ2014 በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲኩ ደርቋል፣ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም። አራቱንም ቀየርኩ። የፍሬን ዘይቱንም እንዲሁ፣ እርጥበት ስለሚስብ ሲቆይ ፍሬኑ ሲግል ያዳክማል።

ከገዛሁ በኋላ ደግሞ ወንበሬን አስተካከሉልኝ። ይህን የሚያደርግ መካኒክ አይቼ አላውቅም። ደረቴ ከመሪው መሐል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ፣ የራስ መደገፊያው ከጭንቅላቴ አናት ጋር እኩል እንዲሆን። የልጆቹ ወንበር ማሰሪያ ሲቆለፍ የሚሰማውን ድምፅ ሁለት ጊዜ አሰሙኝ።

ጋሼ እንከን የላቸውም አልልም። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ ግማሽ ቀን ይወስዳሉ። ስልክ አያነሱም። ትንሽ ይቆጣሉ። መስመር ስስት መሪውን የሚነቀንቀውን ሲስተም «ይነዘንዘኛል፣ ላጥፋው?» ብላቸው የሰማሁትን ተግሣጽ እዚህ አልጽፈውም። (አሁንም ይነዘንዘኛል።)

እሳቸውን ማግኘት የማትችሉ፣ ባላችሁበት የሚሠራ ሰው ስትፈልጉ መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው አረጋግጡ። ከዚያ ቀበቶና ኤርባግ ያያል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ሞተር ሰምተው፣ ነድተው፣ «ጥሩ ነው» ብለው ይጨርሳሉ። ያየውን ከፎቶ ጋር በጽሁፍ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ያዙት። ሻጩ መኪናው ክሪክ ላይ እንዲወጣ ካልፈቀደ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዘይት መቀየሪያው ደርሷል፣ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።