ሱሉልታ ላይ ሩጫዬን በስልክ ስቀርጽ ከረምኩ፦ የስሎው ሞሽን ጥቅምና ጣጣ

ስልኬ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ነው። በስሎው ሞሽን (እንቅስቃሴን አዘግይቶ በሚያሳየው) በሰከንድ 240 ፍሬም፣ ማለትም 240 ነጠላ ምስል፣ ይቀርጻል። ከመርካቶ የገዛሁት ቀለል ያለ ትራይፖድ አለኝ። አሯሯጤን ለማረም ቪዲዮውን የማየው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ኪኖቪያ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም። ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ፍርዴ ይኸው፦ ዕቃው ይሠራል፤ ግን ከስልኩ ዋጋ ይልቅ የቆመበት ቦታ ይበልጣል።

በእጁ ይዞ እየተከተለ የሚቀርጽ ጓደኛ ለቲክቶክ ይሁናችሁ። ካሜራው በዞረ ቁጥር የጉልበት ማዕዘንም አብሮ ይዛባል። እኔ ትራይፖዱን ከምሮጥበት መስመር በስተጎን አሥር ሜትር ያህል አርቄ በዳሌዬ ቁመት አቆመዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ነው። የሚጠቅመው መሃል ላይ ሳልፍ ያለችው ጥቂት እርምጃ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን አህያ ካልገባባት፣ ልጆችም "ግፋ በለው!" እያሉ አብረው ካልሮጡ ነው። ስልኩን የሚጠብቅ ሰው ይዛችሁ ውጡ።

እግር መሬት ነክቶ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰከንድ በታች ነው። በተራው 30 ፍሬም ስድስት ሰባት ምስል ታገኛላችሁ፣ እሱም የደበዘዘ። በ240 ሃምሳ ገደማ ይሆናል። የእርምጃ ብዛትም በዚሁ ይሰላል። ቀኝ እግር መሬት ከነካበት እስከሚቀጥለው ቀኝ ድረስ ያለውን ፍሬም ቁጠሩና 28,800ን (240 ፍሬም × 60 ሰከንድ × 2 እርምጃ) ለሱ አካፍሉ። 180 ፍሬም ከሆነ በደቂቃ 160 እርምጃ ማለት ነው። የኔም ሲጀመር እዚያው ግድም ነበር።

ሰው ቪዲዮውን ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ተረከዙ ላይ ነው። ተረከዝ ቀድሞ ማረፉ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ እንደዚያ እየሮጡ ትልልቅ ማራቶን የሚጨርሱ ሞልተዋል። ዋናው እግሩ የት አረፈ የሚለው ነው። የኔ ከጉልበቴ አልፎ፣ ተዘርግቶ ነበር የሚያርፈው። በየእርምጃው ፍሬን እንደ መያዝ በሉት። በሜትሮኖም (እኩል ምት በሚያሰማ መሣሪያ) እየታገዝኩ እርምጃዬን አሳጠርኩ፣ አፈጠንኩም። አሁን የድሮውንና የቅርቡን ቪዲዮ ኪኖቪያ ላይ ጎን ለጎን ሳጫውት መስመርና ማዕዘን ሳልስልበት እንኳ ልዩነቱ ይታያል። ከጉልበቴ ሥር እያረፍኩ ነው።

ምክንያቱን ግን ስልክ አይነግራችሁም። ከኋላ ስቀረጽ ዳሌዬ ባንድ ጎን ወረድ ይላል። ጡንቻዬ ሰንፎ ይሁን ኮረኮንቹ አጋድሎ፣ ቪዲዮው ዝም ነው። እዚያው የሚያሠራ አንድ አሰልጣኝ አሳየሁት። ትንሽ አየና "ደክሞህ የተቀረጽከውስ የታል?" አለኝ። እውነቱን ነው። ገና ትኩስ እያለ ካሜራ ፊት ሲያልፍ ሁሉም ቀነኒሳ ነው! 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር ነው ትከሻ የሚሰቀለው፣ ወገብ የሚታጠፈው። ከዚያ ወዲህ የምቀርጸው ልምምድ ሊያልቅ ሲል ነው።

ያያችሁትን ሁሉ ለማረምም አትቸኩሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ለየት ይላል፤ ልጅ ሳለ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው በዚያው ክንዱ ነው።

ጣጣው ብርሃን ላይ ነው። ስሎው ሞሽን ብርሃን ይፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተቀረጸ ጥላ እንጂ እግር አይታይበትም፤ ጫካ ውስጥማ ጭራሽ አይሞከርም። ሜሞሪም ይበላል፤ የምትፈልጓትን ቆርጣችሁ ሌላውን አጥፉ። ኪኖቪያ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ላፕቶፕ ለሌለው የስልኩን ቪዲዮ ፍሬም በፍሬም ማየትም ብዙ ያሳያል።

የኔ ስልክ 960 ፍሬም የሚል ምርጫም አለው፣ አትጓጉ። መሃል ያለውን ምስል ራሱ ፈጥሮ ነው የሚሞላው፤ ጫማዬ ሁለት ሆኖ ይታያል። ልትገዙ ከሆነ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሻጩን እጁን እያወዛወዘ ቅረጹትና ፍሬም በፍሬም እዩት። ጣቶቹ ከተደራረቡ ሌላ ስልክ ጠይቁ።